ክራችሁ ለምን ይከራል? የስፒኒንግ ሪል ክር እንዳይጠማዘዝ ማድረጊያ፣ የተጠማዘዘውንም መፍቻ

በኤፕሪል አጋማሽ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ፍሌቸርስ ኮቭ የሚባለው ቦታ ሰው ተኮልኩሎ ሻድ ያጠምዳል። ሻድ ለመራባት ከባሕር ተነስቶ ወንዙን ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ ነው። ሰሞኑ አጭር ነው። ሁሉም ይወረውራል፣ ይጎትታል፣ ይስቃል፣ ያያዘውንም መልሶ ይለቃል። እኔ የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ክር ስፈታ ነው የዋልኩት። ከዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል። ሪሉ፣ ማለትም በእጀታ እየዞረ ክር የሚሰበስበው ዕቃ ላይ ደግሞ እንደ ወፍ ጎጆ ተከምሯል።

አጠገቤ የቆሙ አንድ ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩ። እንደምንም ፈትቼ እንደገና ወረወርኩ። ዓሣ ያዘልኝ። ዓሣው ሲጎትት ሪሉ «ዝዝዝ» ይላል። እኔም በጉጉት እጀታውን አሽከረክራለሁ። ያኔ ሳቅ አሉና፦

«አንተ ልጅ፣ ጥጥ ነው እንዴ የምትፈትለው?»

አልገባኝም። «እንዴት ጋሼ?»

«ዓሣው ሲሄድ እጅህን አሳርፈው እንጂ! ክሩን እኮ አንተው ነህ የምታከረው።»

ሐዋሳ ነው ያደግኩት። በልጅነታችን አሞራ ገደል አካባቢ ቆሮሶ የምናጠምደው በእጅ በሚያዝ ሲባጎ ነበር። አንድ መንጠቆ፣ አንድ ትል፣ ክሩን የምንጠመጥምበት ቁራጭ እንጨት። ክሩ ቢከርም ርዝመቱ ከአስር ሜትር ስለማይበልጥ ማንም ጉዳዬ አይለውም። ችግሩ የመጣው ከሪሉ ጋር ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ክሩን ስረግም ነበር። ርካሽ ስለሆነ ነው ብዬ ውድ ገዛሁ። ውዱም ከረረ። ለካ ጥፋቱ የክሩ አልነበረም።

ክረቱ ከየት ይመጣል?

እናታችሁ ወይም አያታችሁ ጥጥ ሲፈትሉ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ግማሹ ገብቷችኋል። እንዝርቱ ሲሾር ባዘቶው ይከራል። እንዝርቱ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ክሩ ላይ አንድ ዙር ይጨመራል። ስፒኒንግ ሪል የእንዝርት ዘመድ ነው። ክሩ የሚጠነጠንበት ክፍል፣ ማለትም ስፑሉ፣ ስትሰበስቡ አይዞርም። ቤይል የሚባለው ግማሽ ክብ ሽቦ ነው ክሩን ይዞ ስፑሉን የሚዞረው። ሽቦው አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ክሩ ውስጥ አንድ ዙር ይገባል።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አይከርም? ስትወረውሩ ክሩ ከስፑሉ አፍ ላይ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ይወጣል። እያንዳንዱ ቀለበት ሽቦው ያስገባውን አንድ ዙር ያስወጣል። ስትሰበስቡ ሽቦው መልሶ ያስገባዋል። ስትወረውሩ ይወጣል። ሒሳቡ ይጣፋል። በቁጥር እንየው። የስፑሉ አግድም ስፋት 4.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አንዱ ዙር 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ክር ይይዛል። 30 ሜትር ስትወረውሩ ከ210 የሚበልጥ ዙር ይወጣል፤ ስትሰበስቡ ያው ቁጥር ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ብትወረውሩ ሚዛኑ እንደተጠበቀ ይውላል።

ስለዚህ ክር የሚከረው በመወርወርና በመሰብሰብ ብቻ አይደለም። የሆነ ነገር ሒሳቡን ሲያዛባው ነው። ያ ነገር ብዙ ጊዜ የራሳችን እጅ ነው። አንዳንዴ ክሩን መጀመሪያ ያለበስንበት መንገድ፣ አንዳንዴም ጫፉ ላይ ያሰርነው ማጥመጃ ነው።

መጀመሪያ በሽታውን ለዩ

ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ መስለው ይታያሉ። ከሪሉ ላይ አንድ ሜትር ያህል ክር አውጡ። ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጅ ያዙና ቀስ ብላችሁ እጆቻችሁን አቀራርቡ። መሃሉ ወደ ታች ይወርዳል። እዚያ ላይ ራሱን በራሱ እንደ ገመድ ከተጠመጠመ፣ ከሯል። ሁለት ሦስት ጥምጥም ቢሆን አትጨነቁ፤ ሥራ ላይ የዋለ ክር ሁሉ ያን ያህል አለው። አስር ቤት ከገባ ግን ያ ቀን ሳያናድዳችሁ አያልፍም።

ሳይጠመጠም እንደ ስፕሪንግ ሰፊ ቀለበት ብቻ ሠርቶ ከተንጠለጠለ ግን ያ ክረት አይደለም። ናይለን ለብዙ ጊዜ የተጠነጠነበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። የስፑሉ ትዝታ በሉት። ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ የከረመ ሪል ሁሉ እንዲህ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው። ስፑሉን ነቅላችሁ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። ወይም የክሩን ጫፍ ዛፍ ላይ አስራችሁ ወደ ኋላ ራቁና ለአንድ ሁለት ደቂቃ ወጠር አድርጋችሁ ያዙት። ውሃውን አታፍሉት፤ ሻይ አይደለም፣ ናይለኑ ይጎዳል። ብዙ ሰው ይህን ከክረት ጋር ያምታታውና ደህናውን ክር አውጥቶ ይጥላል።

ሪሉን ክር ማልበስ

ይህን ክፍል ሳትዘሉ አንብቡት። ከመጀመሪያው ቀን ከሮ የተጠነጠነ ክር በኋላ ምንም ብታደርጉለት አይመችም። ሱቅ ውስጥ በማሽን የሚያለብሱም አሉ። ቤት ውስጥ ግን ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም።

1. ለሪሉ የሚመጥን ክር ምረጡ። ስፑሉ ላይ ስንት ፓውንድ፣ ስንት ያርድ እንደሚይዝ ተጽፏል። 2500 ቁጥር ላለው የተለመደ ሪል ከ6 እስከ 10 ፓውንድ ናይለን ይስማማዋል፤ በኪሎ ከ2.7 እስከ 4.5 መሆኑ ነው። ወፍራም ክር ትንሽ ስፑል ላይ አይተኛም፣ እየዘለለ ይወጣል። ፍሎሮካርቦን የሚባለው የክር ዓይነት ከናይለን ይልቅ ደረቅ ስለሆነ ለጀማሪ ሙሉ ስፑል ባትሞሉበት ይሻላል።

2. ክሩን በዘንጉ ቀለበቶች አሳልፉ። ቢያንስ ለሪሉ ቅርብ በሆነው በትልቁ ቀለበት ይለፍ። ከዚያ ቤይሉን ክፈቱ፣ ክሩን ስፑሉ ላይ እሰሩ፣ ቤይሉን ዝጉ። ቤይሉ ተዘግቶ ካሰራችሁ ሁለት ደቂቃ እጀታ ስታሽከረክሩ ቆይታችሁ ምንም እንዳልተጠነጠነ ታያላችሁ። አትፈሩ፣ ይህን ያላደረገ ዓሣ አጥማጅ የለም።

3. የገዛችሁትን የክር ጥቅል መሬት ላይ አጋድሙት፤ ጽሑፍ ያለበት ፊቱ ወደ ላይ ይሁን። ክሩ ከጥቅሉ ጫፍ ላይ ቀለበት እየሠራ እንዲወጣ ነው የምትፈልጉት።

4. ከሪሉ ፊት ክሩን በእርጥብ ጨርቅ በሁለት ጣት ያዙ። ጠበቅ ይበል እንጂ ከመጠን በላይ አይጥበቅ። ላልቶ የተጠነጠነ ክር በኋላ ስትወርውሩ እየተጎለጎለ ነው የሚወጣው። እጀታውን ከ15 እስከ 20 ጊዜ አዙሩና አቁሙ።

5. አሁን የዘንጉን ጫፍ ወደ ጥቅሉ አስጠጉት፣ ክሩ ይላላ። ዝም ብሎ መሬት ላይ ከተኛ ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ። መጠምጠምና መጎንጎን ከጀመረ ጥቅሉን ገልብጡት፤ ጽሑፉ ወደ ታች ይሁን። ቀጥሎ በሚመጣው 20 ዙር ራሱን ያስተካክላል። በየመሃሉ እያቆማችሁ ይህንኑ ፈትሹ።

6. ከስፑሉ ከንፈር ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀር ቁረጡ። እስከ አፉ ከሞላችሁት ክሩ በገዛ ራሱ ይንሸራተታል። በጣም ካጎደላችሁት ደግሞ ስትወርውሩ ከንፈሩን እየታከከ ሩቅ አይሄድም።

ጥቅሉን መሬት ላይ ከማጋደም ይልቅ እርሳስ አስገብቶ እንደ ጎማ እያዞሩ መጠንጠን ይሻላል የሚሉ አሉ። በዚህ ጉዳይ ሰው ወንዝ ዳር ቆሞ ሲከራከር ሰምቻለሁ። እኔ የትኛውንም አልነቅፍም። ወሳኙ አምስተኛው ቁጥር ላይ ያለው ፈተና ነው። ላልቶ ሲለቀቅ ካልተጎነጎነ በየትኛውም መንገድ ይሁን አልብሱት።

የጋሼ ነገር፦ ፍሬኑ ሲንሸራተት አታሽከርክሩ

ስፑሉ አይዞርም ብያችሁ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ይዞራል። ዓሣ በኃይል ሲጎትት ክሩ እንዳይበጠስ ፍሬኑ ይለቅና ስፑሉ እየዞረ ክር ይሰጣል። ያ «ዝዝዝ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ድራግ የሚሉት ይህንን ነው፤ እኔ ፍሬን ማለቱ ይቀለኛል።

አሁን በዚህ ሰዓት እጀታውን ብታሽከረክሩ ምን ይሆናል? ሽቦው ይዞራል፣ ስፑሉም ይንሸራተታል። ክር ግን አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይገባም። የሚገባው ክረት ብቻ ነው። ሪሉ ላይ 5.2:1 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ሽቦው 5.2 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ስለዚህ በጉጉት 20 ጊዜ ያዞረ ሰው 104 ዙር ክረት ክሩ ውስጥ ጨምሯል። በአንድ ዓሣ! አምስት ዓሣ ከያዘ ከ500 በላይ። ሪሉ ፈጣን ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጋሼ ጥጥ ትፈትላለህ ወይ ያሉኝ በጣም ልክ ነበሩ።

ዓሣው ራሱ ፍሬኑን እየጎተተ ሲሮጥም ክሩን መልሳችሁ ስትሰበስቡ የተወሰነ ክረት ይቀራል። እሱ የማይቀር ዕዳ ነው። እኛ በከንቱ የምንጨምረውን ግን ማስቀረት እንችላለን።

ትክክለኛው አጎታተት እንዲህ ነው። ዓሣው ሲሮጥ እጅ ከእጀታው ላይ እረፍት ያድርግ። ዘንጉ ይጎብጥ፣ ፍሬኑ ሥራውን ይሥራ። ዓሣው ሲቆም ዘንጉን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱ፤ ዓሣው በዘንጉ ይጎተታል እንጂ በሪሉ አይደለም። ከዚያ ዘንጉን ወደ ዓሣው ዝቅ እያደረጋችሁ ያገኛችሁትን ክር ሰብስቡ። እንደገና አንሱ፣ ዝቅ እያላችሁ ሰብስቡ። ድምፁ በተሰማ ቁጥር ማሽከርከሩን አቁሙ። መጀመሪያ ይከብዳል። ዓሣ ይዞ እጅን ማሳረፍ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማጥመጃው ድንጋይ ወይም ግንድ ሲይዘውም ያው ነው። ብዙ ሰው ድንጋይ ይዞት ሳለ ዓሣ መስሎት ሲያሽከረክር ነው ክሩን የሚያበላሸው።

ፍሬኑ ደግሞ ከመጠን በላይ ከላላ ያለምክንያት ይንሸራተታል። ልኩ የክሩን ጥንካሬ ሩብ ያህል ነው። 8 ፓውንድ ክር 3.6 ኪሎ ይሸከማል፤ ሩቡ 0.9 ኪሎ። እንዴት ይለካል? ውሃ የሞላ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ አንድ ኪሎ ነው። ክሩን በዘንጉ ቀለበቶች ሳታሳልፉ በቀጥታ ከሪሉ አውጥታችሁ ጠርሙሱን አንጠልጥሉ። ከእጃችሁ ላይ ቀስ እያለ ከወረደ ልክ ነው። ካልነቃነቀ ላላ አድርጉት፣ ዘጭ ካለ አጥብቁት። የሻንጣ ሚዛን ያላችሁ ደግሞ፣ 23 ኪሎ ስትቆጥሩበት የኖራችሁትን ማለቴ ነው፣ መንጠቆውን ክሩ ላይ አስራችሁ ጎትቱና ቁጥሩን አንብቡ።

ጫፉ ላይ ያለው ነገር ይሽከረከራል ወይ?

ሻድ የሚወደው ማንኪያ የምትመስል ትንሽ የብረት ማጥመጃ ነው። ማንኪያዋ ደግሞ ውሃ ውስጥ ትሽከረከራለች። ወንዙ ከበረታ እናንተ ባትጎትቷትም ውሃው ያሽከረክራታል። ስፒነር የሚባለውም፣ ቀጭን ሽቦ ላይ ትንሽ ብረት የምትዞርበት ማጥመጃ፣ ያው ነው። ባሌ ውስጥ ዲንሾ አጠገብ በሚያልፈው ዌብ ወንዝ ትራውት የሚያጠምዱ ሰዎች የሚወረውሩት ብዙ ጊዜ ይህንን ነው። ብረቷ ብቻ ብትዞር ጥሩ ነበር። በፍጥነት ሲጎተት ወይም ሣር ሲይዛት ግን መላ ማጥመጃው ከነመንጠቆው ይሾራል። እንደገና እንዝርት!

ለዚህ ስዊቭል ያስፈልጋችኋል። በሁለት ጫፉ ቀለበት ያለው፣ መሃሉ ላይ የሚዞር ትንሽ የብረት ማገናኛ ነው። ማንኪያዋ ላይ በቀጥታ አትሰሩት። ከማንኪያዋ በላይ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ክሩን ቁረጡና በመሃል አስገቡት። እዚያ ላይ የማንኪያዋን እንቅስቃሴም አያበላሽም፣ ዓሣውም አያየውም። ትልቅ መምረጥም አይጠቅምም። ትልቅ ስዊቭል ቀላል ማንኪያ አይዞርለትም። ትንሹ ውስጡ ኩሽኔታ ካለው ደግሞ የተሻለ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ወጣ ይላል፣ ያዋጣል። ሲዝጉ ጣሏቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስዊቭል ከማጥመጃው የሚመጣውን ክረት ነው የሚከላከል። ፍሬን እየተንሸራተተ በማሽከርከር ያስገባችሁትን ክረት አያድንም። «ስዊቭል አስሬ አሁንም ከረረብኝ» የሚል ሰው ከሰማችሁ እጁን እዩት።

ትል ወይም የዓሣ ቁራጭ የምትጠቀሙም ተመሳሳይ ችግር አለባችሁ። እዚያው ዲሲ፣ ሄይንስ ፖይንት ላይ የኛን አምባዛ የሚመስለውን ካትፊሽ ለመያዝ የዓሣ ሥጋ ቆርጦ የሚጥል ብዙ ነው። ሥጋው ተጣጥፎ ወይም ጎብጦ ከተሰካ ስትሰበስቡ እንደ ውልብልቢት ይዞራል። ቀጭን አድርጋችሁ ቁረጡና በቀጭኑ ጫፍ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ውጉት። መጠራጠር ከመጣ ፈተናው ቀላል ነው። እግራችሁ ሥር ውሃው ውስጥ ጣሉትና በምትሰበስቡበት ፍጥነት ጎን ለጎን ጎትቱት። በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የሚሾር ከሆነ እንደገና ስኩት። ባዶ ማጥመጃ ለመሰብሰብ ስትሉም አትጣደፉ፤ ክር የሚከረው ብዙ ጊዜ የመጨረሻዋ ፈጣን ስብሰባ ላይ ነው።

ቤይሉን በእጅ ዝጉት

ከወረወራችሁ በኋላ እጀታውን ስታዞሩ ቤይሉ «ቀጭ» ብሎ ራሱ ይዘጋል። ምቹ ነው። ግን በዚያች ቅጽበት ክሩ ላልቷል። ያ የላላ ክር ቀለበት ሠርቶ ስፑሉ ላይ ከሌላው ክር ሥር ይቀበራል። ሦስት አራት ውርወራ ካለፈ በኋላ ያ ቀለበት ሌላ ክር ይዞ ይወጣል፤ የወፍ ጎጆው ያን ጊዜ ይሠራል።

ማጥመጃው ውሃ ሲነካ በግራ እጃችሁ ቤይሉን ዝጉ። ክሩን በጣት ሳብ አድርጋችሁ አጥብቁ። ከዚያ ሰብስቡ። ሳምንት ልምምድ ነው፤ ከዚያ በኋላ እጃችሁ ሳታስቡት ያደርገዋል። ነፋስ ባለበት ቀን ማጥመጃው ውሃ ሊነካ ሲል ክሩን በጠቋሚ ጣት ነካ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ቀንሱት፤ በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ክር ይቀንሳል።

ትንሿ ሮለር

ቤይሉ ጫፍ ላይ ክሩ የሚያልፍባት ትንሽ ተሽከርካሪ ነገር አለች። ሮለር ይሏታል። ክሩ ሲገባ መዞር አለባት። አሸዋ ወይም ጨው ከያዛት ትቆማለች። ክሩም በላይዋ እየተንሸራተተ፣ በአንድ በኩል እየታሸ፣ እየተጠማዘዘ ይገባል። ሪል ሠሪዎቹ ዳይዋ «ትዊስት በስተር»፣ ሺማኖ ደግሞ «ፓወር ሮለር» ብለው ሮለራቸውን የሠሩት ክሩ እዚህች ቦታ ላይ እንዳይጠማዘዝ ነው። ካልዞረች ግን ስሙ ዋጋ የለውም።

መፈተሻው አንድ ነው። ክሩን ይዛችሁ በሮለሯ ላይ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። አብራ ካልዞረች በጨርቅ ጠርጉ፣ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጣል አድርጉ። ባሕር ላይ ካጠመዳችሁ ማታውኑ በንጹሕ ውሃ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡት። በኃይለኛ የውሃ ግፊት አይሁን፤ ጨዉን ወደ ውስጥ ነው የሚነዳው።

ስለ ብሬድ

ብሬድ፣ ማለትም ከብዙ ቀጭን ክሮች የተሸመነው፣ የስፑል ትዝታ የለውም። ለስላሳ ስለሆነም መክረሩ አይታይበትም። ሰው «ብሬድ አይከርም» የሚለው ለዚህ ነው። ይከራል። ክረቱ ተደብቆ ይቆይና አንድ ቀን ስትወርውሩ መሃል ላይ ጥብቅ ቋጠሮ ሆኖ ይወጣል፣ ከዘንጉ ቀለበት ጋር ይጋጫል፣ ማጥመጃችሁም ብቻውን ወደ ማዶ ይሻገራል። የእኔ አንድ ሁለቱ አሁንም ወንዙ ውስጥ አሉ።

ብሬድ ስታለብሱ በመጀመሪያ ከአምስት እስከ አስር ሜትር ናይለን ከሥር ጠንጥኑ። አለበለዚያ ብሬዱ በስፑሉ ላይ እንዳለ ይንሸራተትና ፍሬኑ የላላ ይመስላችኋል። ስትጠነጥኑ ከናይለን የበለጠ አጥብቁ። ቤይሉን በእጅ መዝጋት ለብሬድ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው።

ከረረ። አሁንስ?

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ቢሆን አንድ ቀን መክረሩ አይቀርም። መፍትሔው ለክሩ ነፃነት መስጠት ነው። ጫፉ ከተፈታ ክሩ ራሱ ወደ ተፈጥሮው ይዞራል።

ወንዝ ዳር ከሆናችሁ ውሃው ይሠራላችኋል። ማንኪያውን፣ ስዊቭሉን፣ ማስመጫ እርሳሱን፣ ሁሉንም ቁረጡና አውጡ። ጫፉ ላይ ምንም አይቅር፤ ቋጠሮም ቢሆን። ቤይሉን ከፍታችሁ ክሩን ወራጁ ውሃ ላይ ልቀቁት። በእጅ እየሳባችሁ አግዙት። የተበላሸውን ክፍል አልፎ 50፣ 60 ሜትር ሲወጣ ቤይሉን ዝጉ። አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ ያዙት። ውሃው ይወጥረዋል፣ ባዶው ጫፍ ይሾራል፣ ክረቱ ይወጣል። ከዚያ በሁለት ጣታችሁ መሃል ጠበቅ አድርጋችሁ እያሳለፋችሁ ቀስ ብላችሁ ሰብስቡ። በጣታችሁ የገፋችሁት ክረት ወደ ጫፉ እየሸሸ ይወጣል። ፈትሹት። ካልበቃው ድገሙት።

ጀልባ ካላችሁ ደግሞ የበለጠ ይቀላል። የሚቀዘፍ ጀልባም ቢሆን ይበቃል። ባዶውን ክር ከኋላ ልቀቁና ቀስ ብላችሁ ቅዘፉ። ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ጫሞ ላይ በሞተር ጀልባ ናይል ፐርች የሚያሳድዱም ማጥመጃ ከኋላ ሲጎትቱ የዋሉበትን ክር ማታ እንዲሁ ሊፈቱት ይችላሉ። ሌላ ጀልባ ከኋላ መኖር አለመኖሩን ግን እዩ።

ውሃ የሌለበትስ? ሜዳ ፈልጉ። የኳስ ሜዳ ይሆናል። የክሩን ባዶ ጫፍ ሣሩ ላይ አስቀምጡ፣ ቤይሉን ክፈቱ፣ ዘንጉን ይዛችሁ ወደ ማዶ ሂዱ። ክሩ ሲወጣ ቤይሉን ዝጉና በእርጥብ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ እየያዛችሁ ሰብስቡት፤ ጫፉ በሣሩ ላይ እየተጎተተ፣ እየተንከባለለ ይመጣል። ጎረቤት ምን ያጠምዳል ብሎ ቢያያችሁ እጃችሁን አውለብልቡለት። ጫፉን ስዊቭል ላይ አስሮ አጥር ላይ በማንጠልጠልና ወጥሮ በመያዝም ይሠራል፤ እኔ ግን የነፃው ጫፍ ያህል አልተሳካልኝም።

የወፍ ጎጆ ሲመጣ

ክሩ ተከምሮ ከወጣ የመጀመሪያው ነገር አለመጎተት ነው። ከጎተታችሁት ይቋጠራል፣ ከተቋጠረ አለቀ። ፍሬኑን አላሉት። ስፑሉን በእጃችሁ ቀስ እያዞራችሁ ክሩን ወደ ውጭ አላሉት። አብዛኛው ጎጆ ቋጠሮ አይደለም፤ አንድ ቀለበት ከሥር ሌላውን ይዞ ነው። ያቺን ቀለበት ፈልጋችሁ በጣት ጥፍር ሳብ አድርጓት። ሌላው ብዙ ጊዜ ተከትሏት ይወጣል። ለራሳችሁ የጊዜ ገደብ ስጡ። እኔ አምስት ደቂቃ እሰጣለሁ። ከዚያ መቀስ።

ስትቆርጡ ሙሉውን ክር መጣል የለባችሁም። 150 ሜትር ስፑል ላይ ቢኖር ውሃና ዓሣ የሚያየው የላይኛው 60፣ 70 ሜትር ነው። የተጎዳውን ቆርጣችሁ አዲስ ክር በደብል ዩኒ ቋጠሮ ቀጥሉበት። ቋጠሮው ከምትወርውሩት ርቀት በታች መቅረቱን ብቻ አረጋግጡ። ናይለኑን ብዙ ጊዜ ለምትወጡ በየዓመቱ ቀይሩት። ነጭ ነጭ ጭረት ያለበትን ወይም በጥፍር ስትዳስሱት የሚሻክረውን ግን ዓመት አትጠብቁለት።

የቆረጣችሁትን ክር ውሃ ዳር አትጣሉ። ፖቶማክ ላይ ዓሣ የሚበሉ ትላልቅ ወፎች አሉ፣ እግራቸው ላይ ይጠመጠማል። አንዳንድ ቦታ ለአሮጌ ክር ብቻ የተተከለ ቱቦ አለ። ከሌለ ወደ ቤት ይዛችሁት ሂዱና በትንንሹ ከታትፋችሁ ቆሻሻ ውስጥ ክተቱት። ጋሼ የጃኬታቸውን ግራ ኪስ ለዚህ ነው የሚያስቀምጡት። ቁልፍ ሲፈልጉ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚወጣው ክር ነው።